ኮላው እስኪይዝ

ባለፈው ቅዳሜ የአግዳሚዬ እግር ወለቀ። አዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ የምትኖር፣ ከልጆቼ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሰው ሲቀመጥባት እንደ ጀልባ ወደ ግራ ጋደል የምትል የዋንዛ አግዳሚ ናት። እንግዳ ሲመጣ ወደ ወንበሩ እንመራዋለን፤ ቤተኛ የሆነ ሰው ግን ራሱ ሄዶ እሷ ላይ ይቀመጣል፣ መጋደሏንም ስለሚያውቅ የሻይ ብርጭቆውን በቀኝ በኩል ያስቀምጣል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። ይህን ሁሉ ዘመን ስትወዛወዝ ኖራ አንድም ቀን ተሰብራ አታውቅም ነበር። በመጨረሻም የሰበራት እርጅና አይደለም፣ ፖለቲካ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኔ ጋር የሚኖሩ ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ። ቃልኪዳን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ታላቅ ወንድሟ ያብስራ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ይሠራል። ልጅቷ ከስልኳ ረጃጅም ወግ ታዳምጣለች። ሁለት ሰዎች ማይክሮፎን ፊት ይቀመጡና ስለ አገር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ቋንቋ፣ ይህ ከተማ የማን ነው ስለሚለው ነገር ሁሉ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ያወራሉ። እሷ ልብስ ስታጥብ እነሱ ያወራሉ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ያወራሉ፣ እኔም በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሳልጠራ የነሱ እንግዳ ሆኛለሁ። ያብስራ ደግሞ ከዚያ ከረጅሙ ወግ ተቆርጣ የምትወጣውን የአንድ ደቂቃዋን ቁራጭ ነው የሚያየው። ቅዳሜ ዕለት እንዲህ ያለች ቁራጭ አይቶ ፊቱ ተለዋውጦ መጣ።

«ሰውየው እንግዳ ናችሁ አለን እኮ! በዚህ ከተማ እንግዳ ናችሁ!»

«ቀጥሎ ያለውን ሰምተኸዋል?» አለችው ከማጠቢያው ሳትነሳ።

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ማን ይሰማልሻል? እኔ ሥራ አለኝ።»

«ሥራ ያለው ሰው አንድ ደቂቃ ሰምቶ ሦስት ቀን አይናደድም።»

ይህን ስትለው ብድግ አለ፤ መልሶ አግዳሚዋ ላይ ዘጭ አለ። ጠጅ የመሰለችው የዋንዛ እግሯ ከነጫፏ ውልቅ ብላ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች። ሁለቱም እንስራ የሰበሩ ይመስል ዞር ብለው አዩኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ። አዲስ እገዛልዎታለሁ» አለኝ ያብስራ፣ ግንባሩን እያሻሸ።

አዲስ አልፈልግም፣ ኮላ ገዝተህ ና አልኩት። ሄዶ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያለ ነጭ ኮላ ይዞልኝ መጣ። ክዳኑን ከፍቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ ምንም አይሸትም። ወተት ይመስላል እንጂ እንደ ወተት እንኳ አይሸትም። ደግሜ አሸተትኩት። አፍንጫዬ የሚፈልገው ሌላ ሽታ ነበር፤ ያንን ሽታ ሲያጣው ነው እንግዲህ ብቻውን ወደ ድሮ የሄደው፣ እኔም ተከትዬው ሄድኩ።

የድሮው ኮላ ከቆዳና ከአጥንት የተሠራ ነበር። እንደ ጥቁር ስኳር ጠጣር ሆኖ በጆንያ ይመጣል፤ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ጠዋት በትንሽ ጣሳ ይደረግና ጣሳው ውሃ ባለበት ትልቅ ጣሳ ውስጥ ተቀምጦ በሰጋቱራ እሳት ይሞቃል። ሽታው እንዲህ ነው ብዬ ላስረዳችሁ አልችልም። ሰኮናው የተለበለበ በሬ ዝናብ ቢመታው እንደዚያ ይሸት ይሆናል። መጀመሪያ የሸተተው ሰው ያስመልሰዋል፣ ሁለተኛ ቀን ይለምደዋል፣ በሦስተኛው ወር ያ ሽታ ከልብሱ ሲለቅ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። እናቴ ከሩቅ በዚያ ሽታ ነበር የምታውቀኝ። እኛ ከወላይታ የመጣነው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው፤ አባቴ እርሻ ላይ ሊሠራ አምጥቶን ብዙም ሳይቆይ ወባ ገደለው። የቀረነው እናትና ልጅ ወዴት እንደምንሄድ ሳናውቅ፣ ዛሬ ባህል አዳራሽ በሚባለው ሰፈር የአናጢ ቤት የነበራቸው ጋሽ ይርጋ ለእናቴ ግቢያቸው ጥግ አንዲት ክፍል ሰጧት፣ እኔን ደግሞ መጋዝ አስያዙኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ያኔ ነው። አልቆጨኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ በጣም ቆጨኝ ብልም ውሸት ነው።

ጋሽ ይርጋ ከሰሜን የመጡ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ጆሯቸው በደንብ የማይሰማ ሰው ነበሩ። ለወታደርነታቸው የተሰጣቸው መሬት ወደ ቱላ በኩል ነበራቸው። ያንን መሬት የሚያርስላቸው ጭሰኛ አንድ የሲዳማ ገበሬ ነው፤ የገበሬው ልጅ ዳንጊሶ ደግሞ እንደ እኔው እሳቸው ዘንድ ሙያ ይማር ነበር። እኩዮች ነን፤ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ገደማ ይሆነናል። ዳንጊሶ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ፣ ንግግሩ ግን የዘገየ ነበር። አማርኛ የተማረው አድጎ ስለሆነ አንድ ነገር ሲናገር መሀል ላይ ቆም ይላል፣ የሚፈልገውን ቃል ጣሪያው ላይ የተሰቀለ ይመስል ቀና ብሎ ይፈልጋል፣ ሲያገኘው ያወርድና ይቀጥላል። እኔ ከተማ ያደግሁ ነኝና አፌ ፈጣን ነበር። እሱ አንድ ቃል ሲያወርድ እኔ አሥር እጥላለሁ።

ስለ ቤቱ አሠራር ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። እንጨት ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ የነበረን አንድ ብቻ ነው። ሌላውን ሥራ በገመድ አስረን፣ ገመዱን በእንጨት ጠምዝዘን እናጠብቀዋለን። የአግዳሚና የበርጩማ እግር ግን ወደ ውጭ ዘመም ስለሚል ገመድ ያንሸራትተዋል፤ ስለዚህ ኮላው እስኪይዝ ድረስ በሰው እጅ ነው የሚያዘው። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ሆኖ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ሁለቱም ወደ መሀል ይገፋሉ። ማንም እጁን አያነሳም። ካነሳ እግሩ ይዞራል። ጋሽ ይርጋ ታዲያ ሁልጊዜ የሚያስይዙን አንድ የሚያከራክር ነገር ሰጥተው ነው። እኔና ዳንጊሶ ተቀምጠን፣ ኮላው ተቀብቶ፣ እግሩ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ጀርባቸውን ሰጥተውን መላጊያቸውን እየገፉ «በሉ እስቲ፣» ይላሉ፣ «ሴት ልጅ የአባቷን መሬት እኩል ትውረስ ወይስ አትውረስ?»

እኛም እንጀምራለን። ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ሰልፍ መውጣቱ ልክ ነው ወይ? ጴንጤ ሲሞት ከሌላው ሰው ጋር አንድ መቃብር ቦታ ይቀበር ወይስ ለብቻው? ይህኛው ለእኔ የቅርብ ጉዳይ ነበር፤ እኔና እናቴ ያን ሰሞን ነበር ጌታን የተቀበልነው፣ ጋሽ ይርጋ ደግሞ ጾም የማይገድፉ ሰው ነበሩ። ሆኖም ሙሉ ከሰዓት በኋላውን የት መቀበር እንዳለብኝ በፊታቸው ስንከራከር አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ዞር ብለው «ጴጥሮስ፣ መጀመሪያ ኑር እንጂ» ብለውኝ ብቻ ወደ መላጊያቸው ተመለሱ።

ስንከራከር አንድ ነገር አስተውለን ነበር። መጮህ አይቻልም። ሰው እጁን ሳያነሳ መጮህ አይሆንለትም፤ እስቲ ሞክሩት። ድምፅህ ከፍ ሲል ትከሻህ ከፍ ይላል፣ ትከሻህ ከፍ ሲል እጅህ ይንቀሳቀሳል፣ የዳንጊሶ እጅ ደግሞ ከእንጨቱ ማዶ ሆኖ ያውቅብሃል። «ገፋኸኝ» ይለኛል። «አንተ ነህ የገፋኸኝ» እለዋለሁ። ከዚያ ሳንወድ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ዝቅ ባለ ድምፅ ሰውን መስደብ ደግሞ ከባድ ነው። ስድቡ ራሱ ያፍራል።

«በኛ አገር ሽማግሌዎች እንዲህ ነው የሚያወሩት» አለኝ አንድ ቀን ዳንጊሶ። «አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሰማችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሰምተናል ሳይሉት ሌላው አይጀምርም።» ቆም ብሎ ቃሉን ከጣሪያው ፈለገ። «ብቻ እነሱ ያለ ኮላ ነው።»

ጋሽ ይርጋ በደህናው ጆሯቸው ሰምተውት ኖሮ መላጊያቸውን አቁመው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሲደክመን «ጋሼ፣ አልያዘም?» እንላቸዋለን። ሳያዩ «ገና ነው» ይላሉ። ከፀሐይዋ ጋር ጥላችን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስኪሄድ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ፍቅፋቂውን እግራችን ሥር እስኪያከማች፣ ገና ነው ነው። ምን አለፋችሁ፣ እኔና ዳንጊሶ ያን ጊዜ ያልተነጋገርንበት የአገር ጉዳይ አልነበረም። አንዱም ላይ ተስማምተን አናውቅም። ግን እሱ የሚያስበውን እኔ፣ እኔ የማስበውን እሱ፣ እንደ ራሳችን ኪስ እናውቀው ነበር። የእኔን ክርክር ከእኔ በላይ አሳምሮ የሚናገርበት ቀን ነበረ። «እንዲህ ልትለኝ አይደል?» ይልና ይጀምርልኛል። እኔ ጣልቃ ገብቼ እጨርሰዋለሁ። እሱ የእኔን ይጀምራል እንጂ የራሱን ሳላቋርጠው ጨርሶ አያውቅም፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ንጉሡ በወረዱበት ዓመት በጋ ላይ መሬት ለሚያርሰው ሊሰጥ ነው የሚባል ወሬ በየሻይ ቤቱ ገባ። በሌላው ሰው ቤት ይህ ወሬ ነበር። በእኛ ቤት ግን ባለመሬቱ ጀርባውን ሰጥቶን የሚልግ፣ የጭሰኛው ልጅ ደግሞ ፊት ለፊቴ እንጨት የያዘ ሰው ነበር። ለሳምንታት ማንም አላነሳውም። አንድ ሻይ ቤት አራት አግዳሚ አዝዞን ሦስቱን ጨርሰን አራተኛዋ ላይ ነበርን። እግሯን አስገብተን ገና ከመያዛችን ጋሽ ይርጋ እንደ ወትሮው ድምፅ «በሉ እስቲ፣» አሉ፣ «መሬት ለማን ይገባል? ስለ እኔ ነው ብላችሁ እንዳትፈሩ። እኔ የምሰማው በአንድ ጆሮ ነው።»

ዳንጊሶ ጀመረ። አባቱ እንዴት እንደሚያርስ፣ ከሚያገኘው ምን ያህሉን ለድርሻ እንደሚያስረክብ፣ በረዶ በመታቸው ዓመት እንኳ ድርሻው እንዳልቀነሰ፣ በለሆሳስ፣ ቃል እያወረደ ተናገረ። እውነቱን ነበር። እውነቱን መሆኑን ያኔም አውቄዋለሁ፤ ያስቆጣኝም እሱ ነው። ከኋላዬ የመላጊያው ድምፅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ የማስበው የእናቴን ክፍል ነበር። እኚህ ሰው የነበራቸውን ቢያጡ እናቴ የት ትገባለች? ግን ይህን አላልኩትም። ይህን ብለው ኖሮ ይሰማኝ ነበር። ያልኩት ሌላ ነው።

«ሙያ ያስተማረህን ሰው?» አልኩት። «ያሳደገህን?»

«እንደሱ አይደለም» አለኝ። ዓይኖቹን ከእንጨቱ አላነሳም። «ጴጥሮስ፣ አንተ እንዲህ የምትለኝ እንጀራቸውን ስለምትበላ ነው።»

ይህን ብሎ ቆም አለ። ቀና አለ። ጣሪያውን አየ።

እጄን አነሳሁ። ሁለቱንም። ብድግ ብዬ ምን እንዳልኩት ሁሉ አልነግራችሁም፤ ወላይትኛም አማርኛም ቀላቅዬ ነበር። ከውጭ በሩን በኃይሌ ስዘጋው የግድግዳው ምስማር ላይ የተሰቀለው መጋዝ ሲወድቅ ሰማሁት።

ያ ኮላ ከበረደ ይቅርታ አያውቅም። ተመልሼ ስመጣ የአግዳሚዋ እግር ዞሮ፣ ወደ ግራ ዘሞ፣ እንዳለ ደርቋል። ዳንጊሶ በአንድ በኩል አሁንም እንደያዘው ነበር። ብቻውን። ጋሽ ይርጋ ጎንበስ ብለው አዩት። በሙቅ ውሃ ሊያላቅቁት ይችሉ ነበር፣ ስንት ጊዜ ሲያደርጉት አይቻለሁ። አላደረጉም። ለሻይ ቤቱ ሌላ እንሠራለን አሉና «ይህችን አንተ ውሰዳት፣ ጴጥሮስ» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔና ዳንጊሶ ጀርባ ለጀርባ ሆነን እንሠራ ጀመር። ፋሲካ ሳይደርስ አዋጁ ወጣ፤ ጋሽ ይርጋ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ዘግተው፣ ጣሳውን እሳት ላይ ጣዱት። ዳንጊሶ አባቱን ሊያግዝ አገሩ ገባ፤ ትንሽ መጻፍ ስለሚችልም የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አደረገው ተባለ። የእናቴ ክፍል ምንም አልሆነችም። የፈራሁት ሁሉ አልደረሰም፤ የደረሰው ያልፈራሁት ነው።

ከጥቂት ወር በኋላ አንድ ከሰዓት ዳንጊሶ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ቆቡን በእጁ ይዟል። መሬቱ መከፋፈሉን ጋሽ ይርጋ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት፣ ራሱ ሊነግራቸው ነው የመጣው። ሰላም አለኝ፣ በአገጬ መለስኩለት። ጋሽ ይርጋ ከውስጥ ሆነው ጠሩት።

«ግባ። ኮላው ሞቋል፣ ያዝ።»

እኔንም ጠሩኝ። «ጴጥሮስ፣ አንተም ና» አሉኝ። ጣውላ የምቆርጠው አለኝ ብዬ ደጅ ቀረሁ። መጋዜን አንስቼ፣ ለማንም የማያስፈልግ ጣውላ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እየቆረጥኩ የሁለቱን ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ሰማሁ። ቃሉ አይለይም፤ ዝቅ ያለ፣ የሚቆም፣ የሚቀጥል ድምፅ ብቻ ነው። ባለመሬት የነበረውና የጭሰኛው ልጅ አንድ የበርጩማ እግር ይዘው፣ ከምሳ በኋላ ጀምረው ከብቱ እስኪገባ አወሩ። አንድም ጊዜ ጩኸት አልሰማሁም። ሲወጡ ጋሽ ይርጋ ክንዱን ይዘው እስከ መንገዱ ሸኙት። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ፊታቸው ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ነበር። ምን ተባባላችሁ ብዬ ለመጠየቅ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ አልጠየቅኩም። እሳቸውም እስኪሞቱ አልነገሩኝም። ሰው ሲጠራ ያልገባበት ወግ በኋላ ተለምኖ አይገኝም።

ሙያውን በደንብ ስይዝና የራሴን ቤት ስከፍት አንድ ነገር ደረስኩበት። ያ ኮላ የሚይዘው በሩብ ሰዓት ነው። ሩብ ሰዓት! ከዚያ በኋላ ገመዱን ጠምዝዞ ማሳደር ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ከሰዓት በኋላ የያዝነው እግር ቀድሞ የያዘ እግር ነበር። ጋሽ ይርጋ ያውቁ ነበር። በመንገድ ላይ ብቻዬን ስሄድ ድንገት ገብቶኝ ቆሜ ሳቅሁ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። ያኔ እሳቸው ሞተው ነበር። ለቀብራቸው ዳንጊሶ ከይርጋለም መጥቶ እንደ ልጅ ከሬሳው አጠገብ ነበር የቆመው። እኔና እሱ ተጨባበጥን። እንደምን ነህ፣ ደህና ነኝ፣ ቤተሰብ፣ ደህና። ይኸው ነው። እሱ ይርጋለም ላይ አናጢ ሆኗል፣ እኔ አዋሳ። መንግሥት ተለወጠ፣ ከተማው አደገ፣ እኛ ሸበትን። በመሀላችን ያለው መንገድ በአውቶቡስ የአንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ እኔ ግን ያቺን ቃል በሆዴ ይዤ፣ ሳገላብጣት፣ ስናደድባት፣ አግዳሚዋም በተቀመጥኩ ቁጥር ጋደል እያለች ስታስታውሰኝ ይህን ያህል ዘመን ኖርኩ።

ካቻምና ባለቤቴ አልማዝ አረፈች። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን አንድ ባጃጅ ቆሞ ከዘራ የያዘ ፀጉሩ የነጣ ሽማግሌ ወረደ። ትከሻው ነው የነገረኝ፣ ፊቱን አላወቅሁትም። ልጁ ዘንድ ሊኖር አዋሳ መግባቱን ኋላ ነው የሰማሁት። ገባ፣ አጽናናኝ፣ ወንበር ሲያመጡለት እዚሁ ልቀመጥ ብሎ አግዳሚዋ ላይ ዝቅ አለ። ጋደል አለች። ዳንጊሶ እጁን ሰደደና ከሥሯ እግሯን ዳበሰው፣ እንደ ዓይነ ስውር። ከዚያ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሳቀ። ሴቶቹ ዞረው አዩት።

«ይህች እሷ ናት?» አለኝ። «እስካሁን? ጴጥሮስ፣ አናጢ አይደለህም እንዴ አንተ?»

እኔም ሳቅሁ። በሚስቴ ለቅሶ። አልማዝ ብታየኝ ደስ ይላት ነበር።

ሰዉ ወደ ወሬው ሲመለስ ወደ እኔ ጠጋ አለ። አሁን አማርኛው እንደ እኔው ፈጣን ሆኗል፤ ያኔ ግን እንደ ድሮው ዘገየ። «ያን ቀን፣» አለኝ፣ «አልጨረስኩም ነበር። እንጀራቸውን ስለምትበላ ነው፣ እኔም እበላለሁ፣ ለዚህ ነው ሁለታችንንም የከበደን ልልህ ነበር። ሁለተኛውን በአማርኛ እንዴት እንደምለው ሳስብ ቆየሁብህ። ቀና ብዬ ስመለስ እጅህ የለም።»

ያንን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩት ስድብ ስድብ አልነበረም፤ ግማሹ የተነገረ የወንድም ቃል ነበር። አምስት ቁጥር ለመቁጠር ያህል ብታገሥ ኖሮ ሌላውን ግማሽ እሰማው ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ይመጣ ጀመር። አግዳሚዋ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ እሱ በሚጋደለው በኩል፤ ሸምግሎም ተሟጋችነቱ አልቀነሰም። ስለ ከተማው፣ ስለ ክልሉ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ልጆቻችን ጋብቻ ተከራከርን፤ እንደ ድሮው አንዱም ላይ አልተስማማንም። እሱ ሲቆም እኔ እጠብቃለሁ። አሁን ቃል ጠፍቶት ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት ነበር የሚቆመው፤ ያም ሆኖ ጠበቅሁት። ጋሽ ይርጋ ያን ቀን ምን እንዳሉት ልጠይቀው አሰብኩና፣ ቅዳሜ ብዙ ነው፣ ቸኩዬ አላበላሸው ብዬ አቆየሁት። አንድ ክረምት ነው የተሰጠን። መስከረም ሳይጠባ ዳንጊሶም ሄደ። ቀብሩ ላይ የሲዳማ ሽማግሌዎች ተራ በተራ ሲናገሩ፣ እያንዳንዱ ሲጨርስ ሰማችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ቋንቋውን ግማሽ በግማሽ እየሰማሁ እኔም ከሰዉ ጋር ሰምተናል አልኩ።

እንግዲህ የጠፋብኝን ልለካ ብል በምን እለካዋለሁ? በእኔና በዳንጊሶ መሀል ልንነጋገረው ይገባን የነበረ ዘመን ሁሉ አለ፤ ከዚያ ውስጥ የደረሰኝ ጥቂት የወጣትነት ከሰዓት በኋላና አንድ የእርጅና ክረምት ነው። ሌላው የት ሄደ? አልጠፋም፣ አልተሰረቀም። እጄን ስላነሳሁ ነው።

ወደ ቅዳሜዬ ልመለስ። ኮላውን በእንጨቱ ጫፍ ላይ ቀባሁት። ልጆቹን ጠርቼ አንዱን ከዚህ፣ አንዷን ከዚያ አስቀመጥኳቸው።

«አባባ፣ ሞርሳ አለ እኮ ጎረቤት፣ ልዋስልዎት?» አለ ያብስራ።

«ያዝ» አልኩት።

«ቀጥ ይበል?» ብላ ጠየቀችኝ ቃልኪዳን፣ የተጋደለውን እግር እያየች።

«እንደነበረ» አልኳት።

ያዙ። ሁለት እጃቸው ስለተያዘ ያብስራ ስልኩን ማየት አልቻለም፤ ኪሱ ውስጥ ሲንጫጫ ዝም ብሎ ሰማው። እኔ የቃልኪዳንን ስልክ መስኮቱ ላይ አስቀምጬ፣ ያቺ ወግ ከመጀመሪያዋ የምትነሳው የትኛውን ስነካ እንደሆነ ጠየቅኳትና ነካሁት። ሰውዬውና አነጋጋሪው ሰላምታ ተለዋወጡ። ያብስራ ተነፈሰ። ትንሽ ቆይቶ «ይኸው፣ አላልኩሽም?» አለ፤ እሷም «ገፋኸኝ፣ ቀስ በል» አለችው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ እሷ አንድ ነገር አለችው፣ እሱ መለሰላት፣ ሰውየውም ከመስኮቱ ሆኖ ቀጠለ። ጥላቸው ከአምዱ ወደ ግድግዳው መሄድ ጀመረ። ያቺ የተቆረጠችው ደቂቃ ደርሳ አለፈች፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለው መጣ። ያብስራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማው። አላፈረም፣ አልተረታም፤ እንጨቱን ግን ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ያዘው።

«አባባ፣» አለኝ ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ «አልያዘም?»

ጠርሙሱ ላይ በምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ጽሕፈት ላይ ብዙም አይደለሁም። ጀርባዬን ሰጠኋቸውና ሌላ የሚሠራ ነገር ያለኝ መሰልኩ።

«ገና ነው» አልኩት።